አሽሙረኛው ሙት ናነፈርካፕታህ፦ የወደደው መጽሐፉን ነው ወይስ አህዌሬን?

ማታ_አንባቢ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የጥንት ተረት የምትወዱ ሁሉ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ ስለ አንድ ሙት ሰው ፍቅር እናውራ።

ስሙ ናነፈርካፕታህ ነው። በጥንት ግብፃውያን ተረት ውስጥ ያለ ልዑል ነው። ሞቷል፣ ተገንዟል፣ ሜምፊስ ከተማ ባለው መቃብሩ ተጋድሟል። ግን ዝም አላለም። ሰው ሲመጣበት ከተጋደመበት ይነሳል፣ ይናገራል፣ ሰሌዳ ዘርግቶ ይጫወታል፣ በእንግዳው ላይ ያሾፋል። ስለ እሱ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው አስማቱንና አሽሙሩን ነው። እኔን የያዘኝ ግን በሕይወት ሳለ የነበረው ፍቅር ነው። ያ ሁሉ ማሾፍ ከየት እንደመጣ የሚገባን እሱን ስናውቅ ይመስለኛል።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሴትኔ የሚባል የፈርዖን ልጅ አለ። የተማረ ነው፣ ጽሕፈት ሲያይ አያልፍም። ቶት የተባለው የጥበብ አምላክ በገዛ እጁ የጻፈው መጽሐፍ በናነፈርካፕታህ መቃብር ውስጥ እንዳለ ይሰማና ይገባል። ውስጡ ከመጽሐፉ በሚወጣ ብርሃን ቦግ ብሏል። ሟቹም ብቻውን አይደለም። ሚስቱ አህዌሬና ልጃቸው መሪብ አጠገቡ አሉ። ሴትኔ መጽሐፉን ስጡኝ ሲል መጀመሪያ የምትመልስለት አህዌሬ ናት። በዚህ መጽሐፍ የተነሳ ነው የሞትነው ትለውና ታሪካቸውን ከሥሩ ታወራለታለች።

እሷና ናነፈርካፕታህ የአንድ ፈርዖን ልጆች ናቸው። አባታቸው ከእነሱ ሌላ ልጅ የለውም። አህዌሬ የወደደችው ወንድሟን ነው። አባትየው ግን ለእሱ የአንድ ጦር አዛዥ ሴት ልጅ፣ ለእሷ የሌላ ጦር አዛዥ ወንድ ልጅ አስቧል። በኋላ ሐሳቡን ቀየረና ዳራቸው። የሠርጉ ሌሊት ደስታ፣ የፈርዖን የወርቅና የብር ስጦታ፣ ከዚያም የመሪብ መወለድ ይቀጥላል። ከዚያ መጽሐፉ መጣና ሁሉን ነገር በላው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ይህ ሰው በእውነት የወደደው ማንን ነው? እኔ አህዌሬን ነው እላለሁ። እናንተስ?

---

ቀለሟ

ጥሩ ክር ከፈትክ። እኔ ግን ከአንተ ጋር አልስማማም።

አንድ ነገር ልብ በል። ይህን ፍቅር የምንሰማው ከእሱ አፍ አይደለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምታወራው አህዌሬ ናት። ወንድሜን ላግባው ብላ ለአባቷ መልእክት የላከችው እሷ ናት። እሱ ስለ ጋብቻው አንዲት ቃል ተንፍሶ አናገኝም።

ካገባትስ በኋላ ምን ሠራ? ራሷ ትናገራለች። ሥራው ሁሉ ሜምፊስ በረሃ ላይ እየዞረ በፈርዖኖች መቃብርና በድንጋይ ላይ ያለ ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ነበር። ቤቱ ሚስት አለች፣ ልጅ አለ። እሱ ግን ግድግዳ ሲያነብ ይውላል። አንድ ሽማግሌ ካህን ይህን አይቶ ሳቀበት። ይህ የምታነበው ምንም አይረባም፣ እኔ ቶት በእጁ የጻፈው መጽሐፍ ያለበትን አሳይሃለሁ አለው። ለቀብሬ 100 ጥሬ ብር ስጠኝ ብሎም ጠየቀ። ናነፈርካፕታህ ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። ቆጥሮ ሰጠ።

አህዌሬ ነገሩን ስትሰማ ያን ካህን ረገመችው። መጽሐፉ ወዳለበት ወደ ኮፕቶስ እንዳይሄድ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። አልሰማትም። ሚስቱን የሚወድ ሰው እንዲህ ስትለምነው እምቢ ይላል?

---

የዳር_ተመልካች

ቆይ ቆይ፤ ወንድምና እህት ተጋቡ ነው የምትሉት? እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህ ለጥንቶቹ ምንም አይመስላቸውም ነበር?

---

የታሪክ_መምህር

የዳር ተመልካች፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። በግብፅ ነገሥታት ቤት የቅርብ ዘመድ ጋብቻ ይታወቅ ነበር። ራምሴስ 2ኛ የገዛ ልጁን ቢንታናትን «ታላቅ ንጉሣዊ ሚስት» የሚል ማዕረግ ሰጥቷታል። ይህ ተረት በተጻፈበት በፕቶሌማዮሶች ዘመን ደግሞ ነገሩ ዙፋኑ ላይ የሚታይ ነበር። ፕቶሌማዮስ 2ኛ በ270ዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት እህቱን አርሲኖኤን አግብቷል። አማልክቱም ኦሲሪስና ኢሲስ ወንድምና እህት፣ ባልና ሚስት ናቸው። ለዚህ ነው በተረቱ ውስጥ አባትየው ነውር ነው ብሎ የማይከለክለው። የእሱ ስጋት ሌላ ነው። ልጆቼ ሁለት ብቻ ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ከሚጋቡ ከሌላ ቤት ጋር ቢጋቡ ቤተሰባችን ይበዛል ነው የሚለው።

ስለ ጽሑፉም ጥቂት ልበል፤ ለክርክራችሁ ይጠቅማልና። ታሪኩ የተጻፈው ዲሞቲክ በሚባለው የኋለኛው ዘመን የግብፅ ጽሕፈት ነው። ፓፒረሱ ካይሮ ሙዚየም ነው ያለው። ሃይንሪሽ ብሩግሽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1867 እ.ኤ.አ. ተርጉሞ ለዓለም አስተዋወቀው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ግን ጠፍተዋል። በእጃችን ያለው የሚጀምረው አህዌሬ ወሬዋን ከያዘች በኋላ ነው። ሴትኔ መቃብሩን እንዴት እንዳገኘውና ሲገባ ምን እንደተባባሉ የምናውቀው ከሚቀጥለው ታሪክ ተነስተን ነው።

ሴትኔ ደግሞ ከእውነተኛ ሰው የተቀዳ ነው። የራምሴስ 2ኛና የኢሴትኖፍሬት ልጅ፣ በሜምፊስ የፕታህ ቤተ መቅደስ ሊቀ ካህናት የነበረው ካኤምዋሴት ነው። አባቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1279 እስከ 1213 ነገሠ። ካኤምዋሴት በእሱ ዘመን ሺህ ዓመት የሞላቸውን ሐውልቶችና ፒራሚዶች እየዞረ ያሳድስ ነበር። ሳቃራ ባለው የኡናስ ፒራሚድ ደቡብ ገጽ ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ ዛሬም ይታያል። የድሮ ጽሑፍ አፍቃሪነቱ ሕዝብ አፍ ላይ ቀርቶ ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ አስማተኛ አደረገው።

አሁን አስቡት። ሕያው ሴትኔ በመቃብር መሃል እየዞረ ያነባል። ሙቱም በሕይወቱ ያንኑ ያደርግ ነበር። ተራኪው ሁለቱን ሆን ብሎ አንድ ዓይነት ሰው አድርጓቸዋል።

---

ቀለሟ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋ ነገርዎ ለእኔ ትልቅ ናት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰው ከሆኑ፣ ሁለቱም ያልሰሙት አንዲቷን ሴት ነው። አህዌሬ በሕይወት ሳለች ባሏን አትሂድ አለችው፣ ሄደ። ከሞተች በኋላ ሴትኔን አትውሰድ አለችው፣ ወሰደ። ልጇንና ራሷን ያጣችበትን ታሪክ ቁጭ ብላ ስታወራለት አንጀቱ አልራራም።

---

ፓፒረስ_ወዳጅ

እህቴ ቀለሟ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን የሐይቁን ቦታ ዘልለሽዋል። እዚያ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ።

ኮፕቶስ ዛሬ ቂፍት የምትባለው የላይኛው ግብፅ ከተማ ናት። መጽሐፉ እዚያ ውኃ ውስጥ ነው። የተቀመጠውም በስድስት ሣጥን ነው። ውጭኛው ብረት፣ ቀጥሎ መዳብ፣ ቀጥሎ የጥድ እንጨት፣ ቀጥሎ የዝሆን ጥርስና ዞጲ፣ ቀጥሎ ብር፣ መጨረሻው ወርቅ። ዙሪያውን እባብና ጊንጥ ሞልቶታል። ሣጥኑን ደግሞ የማይሞት እባብ ተጠምጥሞበታል። ናነፈርካፕታህ ከሰም ጀልባና ቀዛፊዎች ሠርቶ በአስማት ሕይወት ይዘራባቸዋል። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ቀዝፈው ያደርሱታል። እባቡን ሁለት ጊዜ ይገድለዋል፤ ሁለቴም ይነሳበታል። በሦስተኛው ለሁለት ይቆርጠውና በቁራጮቹ መሃል አሸዋ ያደርጋል። ያኔ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አህዌሬ የት ናት? ሐይቁ ዳር። የኮፕቶስ ካህናትና ሚስቶቻቸው ሲጋብዟቸው ሰንብተዋል፣ እሷ ግን ባሏ ከሄደ ጀምሮ ከውኃው ዳር አልተነሳችም። አልበላችም፣ አልጠጣችም። ራሷን ስትገልጽ ወደ መገነዣ ቤት የደረሰ ሰው መስዬ ነበር ትላለች።

እሱስ መጽሐፉን ይዞ ሲመለስ መጀመሪያ ምን አደረገ? ለማንም አላሳየም። ወደ ፈርዖን አልሮጠም። መጽሐፉ ይታየኝ፣ ይህን ሁሉ መከራ የበላንበት እሱ ነው አለችው። እሱም በእጇ ሰጣት። አነበበችው። ሰማይን፣ ምድርን፣ ተራራን፣ ውኃን አስማት አደረገችባቸው። የሰማይ ወፎችና የጥልቅ ውኃ ዓሦች ምን እንደሚሉ ሰማች። ፀሐይን ከአማልክቱ ጋር በሰማይ አየች። አማልክት የደበቁትን ነገር፣ ሞቶ ሊቀርበት የነበረውን ነገር፣ ከእጁ አውጥቶ በእሷ እጅ አኖረ። ይህን ፍቅር ካላልነው ምን እንለዋለን?

---

ማታ_አንባቢ

ፓፒረስ፣ እኔም ልጽፈው የነበረው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ምን እንዳደረገም ልጨምር። የመጽሐፉን ቃል ሁሉ በአዲስ ፓፒረስ ላይ ገለበጠው። በጠላ አራሰው። በውኃ አሟሟው። ሲሟሟ ጠጣው። እንዲህ አድርጎ ያለውን ሁሉ አወቀ። ይህ በእውነት በግብፅ የነበረ ልማድ ነው፤ የተጻፈ ቃል በውኃ አጥቦ መጠጣት።

---

ቀለሟ

እሺ፣ እጇ ላይ ማኖሩን አልክድም። ግን ቀጥሎ የመጣውን አንብቡት።

ቶት ወደ ፀሐይ አምላኩ ወደ ሬ ሄዶ ተከራከረ። ሀብቴ ተሰረቀ፣ ጠባቂዬም ተገደለ አለ። ሬም እሱና የእሱ የሆነ ሰው ሁሉ የአንተ ናቸው ብሎ ፈረደለት። ናነፈርካፕታህም ሆነ ከእሱ ጋር ያለ ሰው በሰላም ሜምፊስ እንዳይገባ ከሰማይ ኃይል ተላከ። የእሱ የሆነ ሰው ሁሉ! ሕፃኑ ምን አደረገ?

መሪብ ከፈርዖን መርከብ ዳስ ሥር ወጣና ወንዙ ውስጥ ወደቀ። መርከቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጮኸ። ናነፈርካፕታህ አስማቱን ደገመና ሬሳው ከውኃው ወጣ። ሌላም ደገመ፣ ልጁ ተናገረ። በእሱ ላይ የሆነውን፣ ቶት በሬ ፊት ያቀረበውን ክስ ሁሉ ነገራቸው። አያችሁ? ሬሳውን ማናገር ቻለ፤ ማዳን ግን አልቻለም። ያ ሁሉ መጽሐፍ፣ ያ ሁሉ እባብ፣ ያ ሁሉ ሣጥን ለልጁ አልሆነም። ወደ ኮፕቶስ መልሰው ቀበሩት።

እንደገና ጉዞ ጀመሩ። ልጁ የወደቀበት ቦታ ሲደርሱ አህዌሬ ከዳሱ ወጣችና ወደቀች። እዚያው ቦታ ላይ። እሷንም ኮፕቶስ ከልጇ ጋር ቀበራት።

ይህን የምታወራው ራሷ ሟቿ ናት። ስለ ገዛ ሞቷ ትናገራለች። እኔ ይህን ቦታ ሳነብ ሁሌም ሆዴ ይላወሳል።

---

የዳር_ተመልካች

ታዲያ እሱስ? ብቻውን ቤቱ ገባ?

---

ፓፒረስ_ወዳጅ

አልገባም። እኔ የፍቅሩ ትልቁ ማስረጃ የምለው ይህን ነው።

ያ ቦታ ሲደርስ ከራሱ ጋር ተነጋገረ። ኮፕቶስ ተመልሼ ልኑር? ሜምፊስ ብገባና ፈርዖን ልጆቼ የት አሉ ቢለኝ ምን ልመልስለት? ወደ ላይኛው ግብፅ ወስጄ ገደልኳቸው፣ እኔ ግን በሕይወት አለሁ ልበለው? ይህን ካለ በኋላ የንጉሥ በፍታ አስመጣ። መጽሐፉን በገላው ላይ አጥብቆ አሰረ። ከዳሱ ወጣና ወደቀ።

ሬሳውን ያገኙት መርከቡ ሜምፊስ ከደረሰ በኋላ ነው። የመርከቡን መቅዘፊያ ይዞ ነበር። ፈርዖን የሐዘን ልብስ ለብሶ ወጣ፣ ከተማው ሁሉ ለቅሶ ተቀመጠ። በ70ኛው ቀን ቀበሩት።

ያ ቀብር ነው የነገሩ ቁልፍ። እሱ ሜምፊስ ተቀበረ። እነሱ ኮፕቶስ ቀሩ። በመሃል በወንዝ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

---

የታሪክ_መምህር

እዚህ ላይ ላግዝህ። ለግብፃዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መቃብር ለእነሱ ሬሳ መጣያ አይደለም፣ ቤት ነው። ምግብና መጠጥ የሚቀርበው እዚያ ነው። ስም የሚጠራው እዚያ ነው። የሟቹ ነፍስ ወጥታ ገብታ የምታርፈው ከተገነዘው ገላ ላይ ነው። አህዌሬና መሪብ በናነፈርካፕታህ መቃብር ውስጥ የሚታዩት በአስማቱ ኃይል ስቦ ስላመጣቸው ነው። መንፈሳቸው ሜምፊስ፣ ገላቸው ኮፕቶስ። እንዲህ ተከፍሎ መኖር ለእነሱ ዕረፍት አልነበረም።

---

ማታ_አንባቢ

አሁን ወደ አሽሙሩ እንምጣ። የብዙ ሰው ወሬ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

አህዌሬ አውርታ ጨረሰች። ሴትኔ አሁንም መጽሐፉን ስጡኝ፣ አለዚያ በግድ እወስዳለሁ አለ። ያኔ ሙቱ ከአልጋው ተነሳ። ይህች ሴት ይህን ሁሉ ስትነግርህ ያልሰማሃት ሴትኔ አንተ ነህ? አለው። በጎበዝ ጸሐፊ ችሎታ ነው ወይስ በጨዋታ አሸንፈህ የምትወስደው? ና እንጫወት።

ለግብፃውያን የሙታን የሰሌዳ ጨዋታ እንግዳ ነገር አይደለም። የራምሴስ 2ኛ ሚስት ነፈርታሪ በመቃብሯ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ ሴኔት የሚባለውን ጨዋታ ስትጫወት ተስላለች። ይኸኛው ጨዋታ ግን መዘዝ አለው። ናነፈርካፕታህ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ። አስማት ደገመና በመጫወቻው ሣጥን የሴትኔን ራስ መታው። ሴትኔ እስከ እግሩ መሬት ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን አሸነፈ፣ መታው፣ እስከ ብልቱ ገባ። ሦስተኛውን አሸነፈ፣ መታው፣ እስከ ጆሮው ሰመጠ።

ሴትኔ የዳነው ኢናሮስ የተባለው ወንድሙ ሮጦ ከላይ የፕታህን ክታብና የአስማት መጻሕፍቱን ስላመጣለት ነው። ክታቡ ገላው ላይ ሲያርፍ ተስፈንጥሮ ወጣ። መጽሐፉንም ነጠቀ። ከመቃብሩ ሲወጣ ብርሃን ከፊቱ፣ ጨለማ ከኋላው ይሄድ ነበር።

አህዌሬ ከኋላ አለቀሰች። ጨለማ እንኳን መጣህ፣ ብርሃን ደህና ሁን አለች። በመቃብራችን የነበረው ሁሉ ሄደ አለች። ናነፈርካፕታህም አትዘኚ አላት። በእጁ ባለ መንታ በትር፣ በራሱ ላይ እሳት የሚነድበት ማንደጃ አድርጌ መጽሐፉን አስመልሰዋለሁ አላት።

ይህን ለማን ነው የተናገረው? ለሴትኔ አይደለም። ሴትኔ ሄዷል። ለሚስቱ ነው። እያለቀሰች ስለሆነ።

---

ሐረግ

ታቡቡን ማንም አላነሳም እኮ። ያለ እሷ ይህ ታሪክ ጎደሎ ነው።

ሴትኔ መጽሐፉን ይዞ ከተማ ገባ። ሥራው ለሰው ሁሉ ማንበብ ሆነ። አንድ ቀን በፕታህ ቤተ መቅደስ ደጅ ታቡቡ የምትባል ሴት አየ። ባስቴት የምትባለው አምላክ ካህን ልጅ ናት። ደንገጡሮቿ አጅበዋታል፣ ወርቋ ያበራል። ዓይኑ ባረፈባት ሰዓት ያለበትን ቦታ ረሳ። ወርቅ ልስጥሽና አንድ ሰዓት ከእኔ ጋር ሁኚ ብሎ ላከባት። እሷም ቤቴ ድረስ ይምጣ አለች። እኔ የካህን ልጅ ነኝ፣ ተራ ሴት አይደለሁም አለች።

ቤቷ ሄደ። ደርቡ ታጥቧል፣ ወለሉ በከበረ ድንጋይ አጊጧል፣ ወይን ቀረበ። እሱ ሲቸኩል እሷ ያችኑ ቃል ትመልሳለች። ተራ ሴት አይደለሁም፣ ከፈለግከኝ ያለህን ሁሉ በስሜ አጽፍ። አጻፈ። ልጆችህ ይፈርሙ፣ ከልጆቼ ጋር እንዳይከራከሩ። ፈረሙ። ልጆችህ ይገደሉ። ይሁን አለ! በመስኮት ተጣሉ። ውሻና ድመት ሲበላቸው እየሰማ ከእሷ ጋር ወይን ይጠጣ ነበር።

በመጨረሻ እጁን ሲዘረጋ ጮኸች። ነቃ። ራቁቱን ሜዳ ላይ ነው። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ያደረገብኝ ናነፈርካፕታህ ነው አለ። ልጆቹም ሜምፊስ በሰላም ነበሩ።

እኔ ታቡቡ ራሷ አህዌሬ ናት ከሚሉት ጋር ነኝ። ልጇን ያጣች እናት ናት ለሴትኔ ልጅ ማጣት ምን እንደሆነ ያሳየችው። ሲነገረው ያልሰማውን በገዛ ዓይኑና ጆሮው እንዲያውቀው አደረገች።

---

ፓፒረስ_ወዳጅ

ሐረግ፣ ታቡቡ አህዌሬ ናት የሚል ቃል ጽሑፉ ላይ የለም። ግን ነገሩ ይጋጠማል። ቅጣቱ ከራሳቸው ሕይወት የተቀዳ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ነገር ጓጉቶ ልጆቹን ያጣል። ናነፈርካፕታህ በመጽሐፍ፣ ሴትኔ በሴት። ልዩነቱ ሴትኔ መንቃት መቻሉ ነው። ሙቱ ይህን ዕድል ሰጠው። ለእሱ ማንም አልሰጠውም።

እና ቅጣቱ ጨካኝ ነው ለሚሉ፦ ሴትኔን ሊገድለው ይችል ነበር። እስከ ጆሮው ቀብሮት ነበር እኮ።

---

ቀለሟ

እኔ አሁንም ናነፈርካፕታህን አልማርኩትም። ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ማታ አንባቢ ይህን ብትይዘው ደስ ይለኛል።

የዚህ ታሪክ የመጀመሪያዋ አሽሙረኛ አህዌሬ ናት። ግብዣው ላይ አባቷ ፊት አቀረቧት። ፊቷ ጠቁሯል። አባቷ አንቺ ነሽ ወንድሜን ላግባ ብለሽ የላክሽብኝ? አላት። አላለቀሰችም፣ አልተለማመጠችም። የራሱን ቃል መለሰችለት። እኔን ለጦር አዛዥ ልጅ ስጠኝ፣ እሱን ለሌላ ጦር አዛዥ ሴት ልጅ ስጠው፣ ቤተሰባችን ይብዛ! አለችው። እሷ ሳቀች። ፈርዖንም ሳቀ። ወዲያው አዛዡን ጠርቶ ዛሬ ማታ ወደ ናነፈርካፕታህ ቤት ውሰዳት አለ።

ጋብቻው የተገኘው በአንዲት አሽሙር ነው። የፍቅራቸው መጀመሪያ ሳቅ ነው።

---

ማታ_አንባቢ

ቀለሟ! እኔ ይህን አላየሁትም አልልሽም፣ ግን ከእኔ የተሻለ አስቀመጥሽው። መጨረሻውን ከዚህ ጋር አያይዘን እናንብበው።

የሴትኔ አባት ፈርዖን ለልጁ ነግሬህ አልሰማህም፣ መጽሐፉን መልስ አለው። ሴትኔ በእጁ መንታ በትር፣ በራሱ ላይ የሚነድ ማንደጃ አድርጎ ወደ መቃብሩ ወረደ። ይህ የተሸነፈ ሰው የሚለምንበት ምልክት ነው። ቃል በቃል ያ የተባለው ሆነ። አህዌሬ በሰላም የመለሰህ ታላቁ ፕታህ ነው አለችው። ናነፈርካፕታህ ደግሞ ሳቀ። ቀድሞም ይህን ነግሬሽ ነበር አለ።

ተመልከቱ፣ ሳቁ ወደ ማን ነው? እንግዳው ፊቱ ቆሟል፣ እሳት ራሱ ላይ እየነደደ። ሙቱ ግን የሚያናግረው ሚስቱን ነው። ሰው በገዛ ቤቱ ከሚስቱ ጋር እንደሚስቀው ነው የሚስቀው። አሽሙሩን ለብቻው አውጥተን ካየነው ክፉ አስማተኛ ይመስላል። አህዌሬ አጠገቡ እንዳለች ካስታወስን ግን ሌላ ነው። አባቷ ፊት በአንዲት ቃል ያሳቀችው ሴት አጠገቡ አለች። እሱም ከሞቱ በኋላ ያንኑ ቋንቋ ያወራታል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው አህዌሬን ነው የወደደው ያልኩት።

---

የዳር_ተመልካች

መጽሐፉን ከመለሰ በኋላ ሴትኔን ዝም ብሎ ሸኘው?

---

ፓፒረስ_ወዳጅ

አልሸኘውም። ሴትኔ የሚያሳፍር ነገር ቀርቶ ይሆን? ብሎ ጠየቀው። ናነፈርካፕታህም አህዌሬና መሪብ ኮፕቶስ መሆናቸውን ታውቃለህ አለው፤ እዚህ ያሉት በጎበዝ ጸሐፊ ጥበብ ነው፣ ሄደህ አምጣልኝ አለው። ገንዘብ አልጠየቀም፣ መሥዋዕት አልጠየቀም።

ሴትኔ በፈርዖን መርከብ ኮፕቶስ ወረደ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት መቃብር ለመቃብር ድንጋይ እያገላበጠ ጽሑፍ ሲያነብ ከረመ። አላገኘም። ናነፈርካፕታህ ይህን ሲያውቅ በጣም ሽማግሌ ካህን መስሎ ወጣ። አባቴ ከአባቱ እንደሰማው፣ መቃብራቸው በፖሊሱ አዛዥ ቤት በደቡብ ማዕዘን በኩል ነው አለ። ሴትኔ ተጠራጠረ። የፖሊሱ አዛዥ በድሎህ ይሆናል፣ ቤቱን ልታስፈርስበት ነው አለው። ሽማግሌውም አስረህ አቆየኝ፣ ካላገኛችሁ ቅጡኝ አለ። ቆፈሩ። አገኙ።

የቀብራቸውን ቦታ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ በገዛ እጁ ነው የቀበራቸው።

---

የታሪክ_መምህር

አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ናነፈርካፕታህን ወደ መጽሐፉ የመራውም ሽማግሌ ካህን ነበር። ያኛው ለ100 ጥሬ ብር ብሎ ወደ ጥፋት መራው። እሱ ራሱ ሽማግሌ ካህን ሆኖ ሲመጣ ሳንቲም አልጠየቀም። ይህን ተራኪው በአጋጣሚ ያደረገው አይመስለኝም።

ሬሳዎቹን በክብር በመርከብ አምጥተው በናነፈርካፕታህ መቃብር አኖሯቸው፣ መቃብሩም ተዘጋ። ታሪኩ እዚህ ያበቃል።

---

ሐረግ

ጋሼ፣ ሴትኔ ያለበት ሌላም ተረት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

---

የታሪክ_መምህር

አለ ሐረጌ። ፓፒረሱ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ነው፣ የተጻፈውም በሮማውያን ዘመን ነው። ሴትኔ እዚያ ሲ ኦሲሬ የሚባል ልጅ ይወልዳል። ልጁ አባቱን ወደ ሙታን ዓለም ይዞት ይወርድና የአንድ ሀብታምና የአንድ ደሃ ፍርድ ያሳየዋል። ናነፈርካፕታህ ግን እዚያ የለም። ማታ አንባቢ ፈቃደኛ ከሆነ ለእሱ ሌላ ክር ይክፈትና እዚያ እንቀጥል።

---

ቀለሟ

ይክፈት። አስቀድሜ ግን እናገራለሁ፣ እዚያም የሴትኔን ሚስት ማንም ካልጠየቃት እኔ እጠይቃታለሁ።